«አክተር አይሞትም» ያለው ማነው?

ወሎ በፊልም ታየ እንጂ ፊልም አላየም

/ከዚህ በታች የምታነቡት፣ መካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ አንድ የፊልም ወዳጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለአካባቢው ተወላጆችና ለፊልም አፍቃሪዎች ያደረገው ንግግር ነው። ተናጋሪው ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም። አነጋገሩን አልነካንበትም፤ ንዑስ ርዕሶቹ ብቻ የእኛ ናቸው። — ዝግጅት ክፍሉ/



ስለ ፊልም ንግግር አድርግ ስባል መጀመሪያ «ሰው ተሳስታችሁ እንዳይሆን» ብያለሁ። እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ካሜራ ይዤ አላውቅም፤ መድረክ ላይም ወጥቼ አላውቅም፤ እዚህም የወጣሁት ተገፍቼ ነው። እኔ ተመልካች ነኝ። ተመልካች ደግሞ ከፍሎ የገባ ሰው ስለሆነ የመናገር መብት አለው ብዬ ራሴን አጽናናሁና መጣሁ።

የወሎ ቦረና ልጅ ወሬ ሲጀምር ከአገሩ ነውና እኔም ከመካነ ሰላም ልጀምር። ለማታውቋት፤ ከደሴ ተነስታችሁ በጉጉፍቱ፣ በአቀስታ አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ ትሄዳላችሁ። ደጋው ደጋ ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ሰው ይጸጸታል። ከከተማዋ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በእኔ ልጅነት፣ ማለትም በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር አላየሁም። ቪዲዮ ቤት ግን ነበረን።

ቪዲዮ ቤት ስላችሁ አንድ የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፣ ወንበሩ የጣውላ አግዳሚ ነው፣ ጓሮው ውስጥ ጀነሬተር ይጮሃል። ሃምሳ ሳንቲም ከፍላችሁ ትገባላችሁ። ሃምሳ ሳንቲም የሌለው በጭቃው ስንጥቅ አንድ ዓይኑን አስገብቶ ያያል። ከመካከላችን አንድ ጎረምሳ ነበረ፤ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ ከፊት ቆሞ ይተረጉምልናል። በኋላ ትምህርት ቀምሼ እነዚያኑ ፊልሞች ሳያቸው፣ ልጁ ለካ አንዲት ቃል ሳይሰማ ሙሉውን ታሪክ ከሆዱ ይፈጥርልን ኖሯል! እንዲያውም የሱ ታሪክ ይሻል ነበር።

በዚያ ቤት ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረ፦ «አክተር አይሞትም!» መቼም እናንተም በየሰፈራችሁ ብላችሁታል። አክተሩ ሃያ ጥይት ቢመታ ይነሳል፤ ከገደል ቢወረወር ይመለሳል። የሁላችንም አክተር ደግሞ ብሩስ ሊ ነበረ። ታዲያ አንድ ቀን መምህራችን ክፍል ውስጥ ስንወራጭ አየንና «ለመሆኑ ብሩስ ሊ እናንተ ሳትወለዱ መሞቱን ታውቃላችሁ?» አለን። ሐምሌ 1965 ዓ.ም.፣ በ32 ዓመቱ! ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኧረ ጋሼ ውሸት ነው!» አለ። እኔ ለሁለት ቀን አልበላሁም ብላችሁ አትመኑኝ፣ ግን አኩርፌአለሁ። ትናንት ማታ ሲዘል ያየሁትን ሰው እንዴት ሞተ ይሉኛል?

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ የሞተ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ የጭቃ ቤት ውስጥ በሕይወት ይታያል። ያገሬ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ ግን አንድም ቀን እዚያ ቤት አልገባም። «ጉማ» የሚባል ፊልም እንዳለን አልሰማሁም። «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚባል ፊልም እንዳለን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ታዲያ የነሱ አክተር አልሞተም፤ የኛ አክተር ለምን ሞተ? ዛሬ ላነሳላችሁ የመጣሁት ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው።

ከሰይጣን ቤት እስከ «ጉማ»

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ትኬት ሸጠው ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28፣ 1895 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ልብ በሉ! ያን ጊዜ የእኛ ሰው የት ነበረ? አምባላጌ ላይ ድል አድርጎ ወደ መቀሌና ወደ ዓድዋ እየገሰገሰ ነበረ። የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞችም እዚያው ናቸው። ፓሪስ የሠራተኞችን ከፋብሪካ መውጣት በፊልም ስታይ፣ የዓድዋን ጦርነት የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። ለዚህ ነው ኃይሌ ገሪማ ከመቶ ዓመት በኋላ «ዓድዋ»ን ሲሠራ ሥዕሉንና የሽማግሌውን ትረካ ይዞ የተነሳው።

አዲስ አበባ ግን ሲኒማን ለማየት ብዙ አልዘገየችም። ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ላይ መጥቷል። የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በ1915 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ሕዝቡ ስም አወጣለት፦ ሰይጣን ቤት! ግድግዳ ላይ የሚሄድ ሰው፣ ደም የሌለው፣ ጥላ የሌለው፣ ምን ይባል ታዲያ? አባቶቻችን ፈርተው ነው ብለን እንስቃለን። እኔ ግን አንዳንዴ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም እላለሁ። የሞተ ሰው ሲስቅ ማየት የሚያስፈራ ነገር ነዋ!

ከዚያ ወዲህ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ሲኒማ ቤቶች ሠራ፤ ለማን እንደሠራ ታውቃላችሁ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተመረቀ። 1957 ዓ.ም. ትልቅ ዓመት ናት፤ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፣ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ተሠራ። ጸሐፊው እላላ ኢብሳ፣ ዳይሬክተሩ ላምብሮስ ዮካሪስ የሚባል ግሪካዊ ነበረ። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልማችን እሷ ናት። በአብዮቱ ዋዜማ ደግሞ ሚሼል ፓፓታኪስ ስለ ደም ካሳ «ጉማ»ን ሠራ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ሽልማቱን በየዓመቱ በቴሌቪዥን አይተናል፤ ፊልሙን ያየ ግን እስቲ እጁን ያውጣ! ... አያችሁ? ሦስት ሰው።

ደርግም የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቁሞ ነበር። ሰሎሞን በቀለ «አስቴር»ን የሠራው እዚያ ነው። ኮርፖሬሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ተዘጋ። መንግሥት ሲለወጥ ቤት ማፍረስ እንጂ ዕቃ ቆጥሮ መረካከብ አንወድም። «ያለፈው ሥርዓት» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ነገር ሁሉ ወደ መጋዘን ነው።

ካሜራ ወሎን ሲያውቃት

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። ወሎ በካሜራ ያልታየች እንዳይመስላችሁ! እንዲያውም ከብዙው አገር ቀድማ ታይታለች። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒዬር ጦር መቅደላ ላይ ሲወጣ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር የፎቶግራፍ ማንሻም ይዞ ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች አምባውን፣ በሩን፣ ከእስር የወጡትን ፈረንጆች አንስተዋል። ብራናውና ዘውዱ ተጭኖ ሄደ፤ ሥዕላችንም አብሮ ሄደ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ደርሶ በዚያው ዓመት ክረምት ሲነሳ ፊቱን አይታችሁታል? እኔ ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሕፃኑ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ኋላ ያለውን አገር የሚፈልግ ይመስለኛል። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ፎቶው ግን አለ። እነሱ አስቀምጠውታልና።

ቀጥሎ 1965 እና 66 ዓ.ም.። ብሩስ ሊ በሞተበት ሰሞን «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የሚባል የሆሊውድ ፊልም ወጣ፤ ከፊሉ እዚሁ ኢትዮጵያ ነው የተቀረጸው፣ ደበበ እሸቱም ተውኖበታል። ሆሊውድ እኛ አገር መጥቶ ስለ ባሪያ ንግድ ልብ ወለድ ሲቀርጽ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። ይህን የቀረጸው ሌላ ሰው ነው፤ ጆናታን ዲምብልቢ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ፊልሙ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፣ ዓለም ደነገጠ። እኛ አገር ግን አልታየም። ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣና ከቅምጥል ኑሮው ጋር እየሰካካ በቴሌቪዥን ለቀቀው። በነጋታው ጠዋት ንጉሡ ወረዱ።

ንጉሡን ያወረደው ፊልም ነው አልልም፤ ብዙ ነገር ነው ያወረዳቸው። ግን እስቲ አስቡት! የወሎ ገበሬ የተወነበት፣ ያውም በራሱ ሞት የተወነበት ፊልም፣ መንግሥት በሚገለበጥባት ሌሊት ታየ። ያን ማታ ቴሌቪዥን ያለው ማነው? አዲስ አበባ ያለ፣ ደልቶት የሚኖር ሰው ነው። የወሎ ገበሬ አላየውም። ሳያየው ፊልሙ አለቀ፣ መንግሥቱም ተቀየረ።

ያንን ፊልም በንጉሡ ላይ የተጠቀመበት ደርግ ምን ተማረ? ከአሥር ዓመት በኋላ መስከረም 1977 ዓ.ም. አብዮቱን በድግስ ሲያከብር ሌላ ረሃብ ከመጋረጃ ኋላ ነበረ። መጋረጃውን የገለጠው ሞሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ የካሜራ ሰው ነው። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የቀረጸው ምስል ከማይክል በርክ ትረካ ጋር ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። የዓለም ዘፋኝ ሁሉ የተሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው። አሚን በ1983 ዓ.ም. ግንቦት እዚሁ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ካሜራውን መልሶ አነሳ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ነበረ፤ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። እኔ የስክሪን ሙታንን ስቆጥር እሱንም ከኛዎቹ ጋር እቆጥረዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። አክስቴ በ77ቱ ክፉ ቀን ሁለት ልጆች የቀበረች ሴት ናት። ለሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እኔ ቤት ሳለች ያንን የኮረም ፊልም በላፕቶፕ አሳየኋት። ማሳየቴ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም፤ እሷው ናት «አሉ የሚባለውን አሳየኝ» ያለችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ አየችና «ልጄ፣ ይሄን ፈረንጅ ዝም አሰኘውና ሰዎቹ የሚሉትን አሰማኝ» አለችኝ።

ዝም ማሰኘት አልቻልኩም። የተራኪው እንግሊዝኛ ከላይ ነው፤ የእኛ ሰዎች ድምፅ ከሥር እንደ ንብ ይጉረመረማል። አክስቴ ጆሮዋን ድምፅ ማውጫው ላይ አድርጋ ቆየችና «እናት ስም እየጠራች ነው» አለች። እኔ ያን ፊልም ከአሥር ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ስም የምትጠራ እናት እንዳለች ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወገኖቼ፣ ወሎ በፊልም ታየ እንጂ ፊልም አላየም የምለው ለዚህ ነው። ፊልሙን የሠራው ሰው ውለታ አለብን፤ ያ ምስል ባይኖር ስንቱ ባለቀ! ግን ምስሉ የተቀመጠው ለንደን ነው፣ የተተረከው በእንግሊዝኛ ነው፣ በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን ስሙ እንኳ አልተጻፈም።

ሐምሌ 24

ወደ ተዋንያኖቻችን ልምጣ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ አረፉ። ልክ በዓመቱ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ፍቃዱ ተክለማርያም አረፈ። ቀኑ እንዴት እንደገጠመ አላህ ይወቅ።

አባባ ተስፋዬ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው ተውነዋል፤ ከዚያ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ለ42 ዓመት ለልጆች ተረት አውርተዋል። አርባ ሁለት ዓመት! እስቲ ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ አስቀምጣችሁ የአባባ ተስፋዬን አሥር ሰዓት አሳዩዋቸው። ከየት ታመጣላችሁ?

ፍቃዱን ምን ልበላችሁ። ቴዎድሮስን ሲጫወት ያዩት ሰዎች ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል። እኔ አላየሁትም። መቅደላ ያለበት የወሎ ልጅ ሆኜ፣ ቴዎድሮስን በመድረክ ያስነሳውን ሰው በቴዎድሮስነቱ ሳላየው ሞተ። ኩላሊቱን ታሞ ሕዝብ ገንዘብ ሲያዋጣለት ነበር። እንግዲህ ልማዳችን ነው፤ አርቲስት ሲታመም እናዋጣለን፣ ሲሞት ሥላሴ ድረስ እንሸኛለን፣ በሦስተኛው ቀን ሥራውን መጋዘን ውስጥ እንረሳለን። ታሪኩ ብርሃኑ /ባባ/ በወጣትነቱ ሲሄድ ያለቀስን ሰዎች የሱን ፊልሞች ዛሬ የት ሄደን እንደምናገኝ አናውቅም። የሱማ የቅርቡ ነው፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ያለፋቸውስ?

ፊልም የሚበሰብስ ነገር ነው፤ እንደ ጤፍ ጎተራ ይፈልጋል። የድሮው ናይትሬት የሚባለው በእሳት ይነዳል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ይጨማደዳል። የቪዲዮ ካሴት ደግሞ ይሻግታል፤ ማጫወቻውም ከገበያ ጠፍቷል። ይህ የእኛ ብቻ ውርደት አይደለም። አሜሪካኖች እንኳ ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን ከሠሯቸው 11 ሺህ ገደማ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ቅጂያቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የአገሪቱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። ልዩነቱ፣ እነሱ ቆጥረዋል። እኛ የጠፋብንን አልቆጠርንም።

የኃይሌ ገሪማን ነገር ተመልከቱ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በአብዮቱ ዓመት ከገበሬዎች ጋር ቀረጸ። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ። «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ተሸለመ። «ሳንኮፋ» በ2014 ዓ.ም. መስከረም ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲወጣ፣ ያሳደሱት አሜሪካ ያሉ ጥቁር ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው። እልል ብያለሁ። ግን ያንኑ ሳምንት መካነ ሰላም ደውዬ «አያችሁት?» ብዬ ብጠይቅ ማን ያየዋል?

ገንዘብ አልጠየቅንም

በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ ጸድቋል ተብሎ ተነግሮናል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወረቀቱን ያወጡት ባለሥልጣናት ግን አንድ ነገር ይስሙኝ፤ ፖሊሲ ጎተራ አይሆንም። እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በወሎ ላይ የተቀረጸ ምስል ኮፒው ይምጣልን። የመቅደላው ፎቶ፣ የ66ቱ፣ የ77ቱ። ዋናውን አምጡ አላልንም፤ ገንዘብም አልጠየቅንም። ኮፒ ነው የጠየቅነው። ደሴ ይቀመጥ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፣ እዚያም ይቀመጥ። እነ አክስቴ በሕይወት እያሉ ይዩትና የሰውን ስም ይንገሩን። ስም የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ እያለቀ ነው።

ሁለተኛ፣ የአገር ውስጡ። «ሂሩት»ም፣ «ጉማ»ም፣ «አስቴር»ም፣ የቴሌቪዥኑም የድሮ ክር፣ ያለው ይቆጠር፣ የተቆጠረው ወደ ዲጂታል ይገልበጥ፣ የተገለበጠው በየወረዳው ይታይ። ለማሳየት እኮ አዳራሽ አያስፈልግም! አንድ አቡጀዲ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ጀነሬተር። እኛ በባሰ ነገር አይተናል።

ሦስተኛው የኔና የእናንተ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። የመንዙማ አዋቂው፣ አዝማሪው፣ በሰርግ ቤት የሚያስቀው ሰውዬ፣ በሕይወት እያለ ይቀረጽ። ቀርጻችሁ ደግሞ ስልክ ላይ አትተዉት፤ ስልክ ይሰበራል። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ ከነስሙና ከነቀኑ። ቤታችሁ የቪዲዮ ካሴት ያለ ሰዎች፣ ሳትዘገዩ አስገልብጡት። መንግሥት ያስቀምጥልናል ብሎ መጠበቅን እንኳን እኛ፣ ንጉሡም አልቻሉበትም።

አንዳንዱ «ሕዝብ በጥይት መሀል ሆኖ ስለ ፊልም ታወራለህ?» ይለኝ ይሆናል። አዎ፣ አወራለሁ! በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልሉ ጦርነቱ ሲፋፋም ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ምስል አልወጣም። በ1965 ዓ.ም. የተደረገው ይኸው አልነበረም? ያልታየ መከራ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ገዢዎች ሲቀያየሩ ይህቺን ትምህርት ሁሉም በደንብ ተምረዋታል፤ ያልተማርናት እኛ ነን።

ንግግሬን ልጨርስ። ባለፈው ጊዜ ከዚያ ቪዲዮ ቤት ጓደኞቼ አንዱን፣ ያንን «አስተርጓሚያችንን»፣ መርካቶ አግኝቼው ተሳሳቅን። ጸጉሩ ሸብቷል። «ብሩስ ሊ ሞቷል እኮ» አልኩት። «ተው ባክህ፣ ልጄ ትናንት ሲያየው ነበር» አለኝ። እኔም እስቲ ልጅህ የአባባ ተስፋዬን ተረት ያገኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብዬው ተለያየን። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

 በሰላም ያገናኘን፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን።